ጥርሴን መቼ ነው የሚወስዱት?

ኦክቶበር 7፣ ሰኞ

የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ። አውቶቡሱ ጠዋት አልነሳ ብሎ ሲያጉረመርም ቆይቶ በስንት ልመና ተነሳ። እንደኔ ነው፤ ካልለመኑት አይሠራም።

ልጆቹ ዛሬ ጫጫታቸው ሌላ ነበር። መንትዮቹ ከኋላ ሆነው የመምህራቸውን አነጋገር እያስመሰሉ አውቶቡሱን በሳቅ ሞሉት። ልጄ ዜንያ እንደ ልማዷ ከኔ ኋላ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ናት። በመስታወት አየኋት። ሳቋ ሲመጣ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ትከሻዋ ብቻ ይስቃል።

ጥርሷ ከታከመ አምስት ወር ሊሆነው ነው። ሕመሙ ጠፍቷል። በሁለቱም ጎን ታኝካለች። ግን ሁለቱ የብረት ቆብ የተደረገላቸው ጥርሶች ስትስቅ ያብለጨልጫሉ፤ አንድ የማይረባ ልጅ «ሮቦት» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሳቅ በእጅ ይሸፈናል። ስምንት ዓመቷ ነው... በስምንት ዓመት ሰው ሳቁን ይደብቃል?

ቢሆንም መንግሥት ለልጆች ጥርስ የሰጠው ገንዘብ ባይኖር ይህም አይገኝም ነበር። ተመስገን ነው።

ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

እማዬ ጎመን ስትከትፍ ዋለች። ቤቱ በሙሉ ጎመን ጎመን ይላል። ሌላ ነገር የለም።

ኦክቶበር 16፣ ረቡዕ

ከግብር ቢሮ ደብዳቤ። የጥርሷን ገንዘብ በወሰድኩ ጊዜ ልጅቷ ሌላ የጥርስ ኢንሹራንስ እንዳልነበራት አስረዱ ይላል። ካልሆነ ስድስት መቶ ሃምሳ ዶላሩን መልሱ።

ሳቅኩ። ኢንሹራንስ! የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለሚነዳ ጊዜያዊ ሠራተኛ ኢንሹራንስ የሚሰጥ ካለ ያሳዩኝና ሄጄ ልሳለመው። ዓርብ ክሊኒኩ ጆይስ ጋ ጎራ ብዬ ማስረጃ አጽፋለሁ፤ ያልቃል።

ኦክቶበር 18፣ ዓርብ

አላለቀም።

ጆይስ ጎረቤቴ ናት። ጥርስ ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጣ ቀጠሮና ክፍያ የምትይዘውም እሷው ናት። «አንዲት ወረቀት ጻፊልኝ፤ ዜንያ ኢንሹራንስ የላትም የምትል» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «እንዴት ብዬ ልጻፍ?»

«በእጅሽ ነዋ።»

«ላሪሳ... አላት እኮ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው አልቀለደችም። «ኦረስት ራሱ ደወለልኝ፣ አምና በበረዶው ወራት። ማዕድን ማውጫው የሠራተኛውን ልጅ ጥርስ ይሸፍናል፣ ዜንያን አስመዝግቤያታለሁ፣ ቁጥሩን ያዢልኝ አለኝ። ያዝኩለት።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቄሻለሁ! በኢንሹራንሱ ላድርገው ወይ ስልሽ ምን አልሽኝ? ‹ምን ኢንሹራንስ! እኔ እከፍላለሁ› ብለሽ አፈጠጥሽብኝ። የሱን ገንዘብ አልነካም ማለትሽ መሰለኝ። የባልና የሚስት ነገር... ዝም አልኩ።»

እዚህ ሰፈር ጉርብትና ማለት ይሄው ነው፤ ሁሉን ማወቅና ዝም ማለት። ደግሞ አውቄ ቢሆን ኖሮስ... ያንኑ አልላትም ነበር? እል ነበር።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። ዕቃ ሳጥብ ተናደድኩ፣ ስነዳ ተናደድኩ።

ኦረስት ከብቶቹን ሸጠን ዕዳ ከከፈልን በኋላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ማዕድኑ ሄደ። ሁለት ዓመት አለፈ። ለልደቷ እመጣለሁ ብሎ አልመጣም። በሚቀጥለውም እመጣለሁ አለ፤ ልጅቷ ኬኩን ሳታስቆርስ መስኮት ላይ ቆማ አመሸች። ያን ጊዜ «ከእንግዲህ የማትፈጽመውን ቃል ልትሰጣት አትደውል» አልኩት። አልደወለም። በወር በወሩ ገንዘብ ይልካል፤ ከገንዘቡ ጋር አንዲት ቃል የለችም።

ረስቶናል ብዬ ነበር። ልጅቷም ረስቶኛል ብላለች፤ አፍ አውጥታ ባትልም።

እና አሁን... አስመዝግቧት ነበር። ቁጭ ብሎ ስሟን፣ የተወለደችበትን ቀን ጽፏል። ክሊኒኩን በስሙ አስታውሶ ደውሏል። ጥርሷን አስቧል። ይሄን ምን ላድርገው? መናደዱ ይቀለኝ ነበር።

ኦክቶበር 23፣ ረቡዕ

ግብር ቢሮ ደወልኩ። እስኪያነሱት የሚያሰሙት ሙዚቃ፣ ኧረ ሙዚቃው... ድንች ልጬ ጨረስኩ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ድምፅ አነሳው። ሁሉንም ነገርኩት። ምን አጠፋሁ? ያላየሁትን ኢንሹራንስ ከየት አውቀዋለሁ?

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ። ግን መመሪያው የሚጠይቀው ልጅቷ ነበራት ወይ ነው፤ እርስዎ ያውቁ ነበር ወይ አይደለም።»

«ታዲያ ልመልሰው ነው?»

«ሙሉውን፣ ወይዘሮ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያሉ መክፈል ይችላሉ።»

ጨዋ ልጅ ነው። ባለጌ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እሰድበው ነበር። በወር ሃምሳ ሃምሳ ተስማማን። የክረምት ጫማዬ እንግዲህ ለከርሞ ይቆይ።

ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም።

ጠዋት ዜንያ ጥርሷን ስትቦርሽ ከመታጠቢያ ቤት አልወጣ አለች። አውቶቡሱን አሙቄ ተመለስኩ፤ አሁንም እዚያው ናት። «ምን እየሠራሽ ነው? ይበቃል!»

«እያጸዳሁት ነው።»

«ጸድቷል።»

«ቆሽሾ ቢያገኙትስ?»

«እነማን?»

«የመንግሥት ሰዎች። መመለስ አለብን ስትዪ ሰምቻለሁ።» ብሩሹን አጠበች። «እማ፣ ጥርሴን መቼ ነው የሚወስዱት?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ አገጯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ተንበረከክሁና «ገንዘቡን ነው የምንመልሰው፣ ጥርስሽን ማንም አይነካውም፣ የኔ ማር» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። እናቷን ላለማስቀየም ብላ ነው የነቀነቀችው፤ አውቃታለሁ። አላመነችኝም።

ጫማዋን ሳስርላት ደግሞ «ከገና በፊት እንዳይሆን በያቸው። ኩትያ መብላት እፈልጋለሁ» አለች።

አምና በገና ዋዜማ፣ በቅዱሱ እራት ላይ፣ ያ በማር የሚቀርበው ስንዴ፣ ኩትያው፣ ሲመጣ ማሩን መጠጠችና ስንዴውን በመሐረብ ተፋችው። የተቀቀለ ስንዴ እንኳ ያማት ነበር። እማዬ ዐይታ እንዳላየች ሆነች። ዘንድሮ ልታኝከው ነው የምትጠብቀው፤ ጥርሷን የምትለምነው ለዚያ ነው።

ሮቦት ብሎ የሰደባት ልጅ በሰፈሬ እንዳያልፍ።

ኖቬምበር 3፣ እሑድ

ጆይስ የጋገረችውን ዳቦ ይዛ መጣች። ጥፋተኛነት ተሰምቷታል፤ ዳቦው ይናገራል። ለውዝ አለበት።

«ስሚኝ» አለች፣ «ሕክምናውን አሁንም ከሱ ኢንሹራንስ ማስከፈል ይቻላል። ቅጹን እኔ እሞላዋለሁ። ግን ዓመቱ ሳያልቅ መግባት አለበት፣ ፊርማው ደግሞ የሱ ነው።»

«በፖስታ ላኪለት።»

«እኔ? ባልሽ የኔ ነው እንዴ?»

እማዬ ከምድጃው ጋ ሆና «አፍ ያለው ያግባሽ፣ ከብት ያለው?» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ ጆይስም አልገባትም።

አልደወልኩም። ጓንቴን ሰፋሁ።

ኖቬምበር 11፣ ሰኞ

ደወልኩ።

አነሳው። ድምፁ ያው ነው፣ ትንሽ ሻክሯል። የማዕድን ማውጫው አቧራ ይሆን? ሰላምታ አልተሰጣጣንም። ስለ ፊርማው ብቻ ነገርኩት፤ ልክ ለግብር ቢሮው ልጅ እንደነገርኩት አድርጌ። ስጨርስ ጠየቀኝ።

«ጆይስ አልነገረችሽም?»

«አልነገረችኝም።»

«ከፍለሽ አየሁ... ማለቴ ኢንሹራንሱ ሳይነካ አየሁ። ያንተን አልፈልግም ማለትሽ መሰለኝ።»

ሁላቸውም እንዲህ መሰላቸው። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ከዚያ በቀስታ «ጥርሷ እንዴት ነው?» አለ። ልመልስለት ስል ስልኩ ከእጄ ላይ ተወሰደ። ለካ ከኋላዬ ቆማለች።

«አባዬ፣ ጥርሴን ሊወስዱት ነው?»

እሱ ያለውን አልሰማሁም። የሷን ብቻ።

«ሁለት ነው... ከላይ... እህ... ብረት... አንተም?! የት ጋ? ... ውሸትህን ነው! ... ማን ሰበረህ?»

ሆኪ። ልጅ ሆኖ በረዶ ላይ ሲጫወት በዱላው ጫፍ። ከላይ በግራ በኩል የብረት ጥርስ አለው። ከአሥር ዓመት በላይ ከጎኔ ተኝቶ የኖረ ጥርስ ነው፣ ለልጄ አንድ ቀን አልነገርኳትም። ስለሱ ላለማውራት ስል የሱን ጥርስ እንኳ ደበቅኩባት።

ከዚያ ዜንያ «ለቅዱሱ እራት ና» አለችው። ወጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ። አትማልላት፣ ኦረስት፣ አትማልላት...

«እሺ ብሏል!» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ተዘግቷል።

ዲሴምበር 2፣ ሰኞ

ቅጹን በፖስታ ከላክሁለት ሳምንታት ሆኑ። የለም። ሁለተኛውን ሃምሳ ከፈልኩ። በረዶው መንገዱን ሁሉ ሸፍኗል፤ ልጆቹን ቀስ እያልኩ ነው የማደርሳቸው።

ዲሴምበር 15፣ እሑድ

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ጉድ ፈላ። ምእመኑ አምና በአዲሱ አቆጣጠር ለመሄድ ድምፅ ሰጥቷል፤ እንግዲህ ገና በዲሴምበር 25 ነው፣ እንደ ሌላው ሰው። ቄሱ ፕሮግራሙን ሲያነቡ እማዬ ተነሥታ ቆመች።

«አባ፣ እርስዎ ቀኑን ይቀይሩ። ጌታ የተወለደበትን ግን አይቀይሩትም።»

«ባባ ስቴፋ» አሏት (ሰው ሁሉ አያት ብሎ ነው የሚጠራት)፣ «ድምፅ ተሰጥቶ አልቋል እኮ።»

«እኔ አልሰጠሁም። ጾሜንም አልሰጥም።»

እና በኛ ቤት ገና እንደ ድሮው ነው፤ ቅዱሱ እራት ጃንዋሪ 6። እስከዚያ ጾም። ዜንያ ደስ ብሏታል፤ «የጆይስንም እንበላለን፣ የኛንም እንበላለን» ትላለች። ብልጥ ናት።

ዲሴምበር 24፣ ማክሰኞ

ጆይስ ለነሱ ገና ጠርታን ነበር። ትልቁን የቱርክ ዶሮ ጥብስ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። እማዬ ከጎኑ ቁጭ ብላ ድንች በላች። «ባባ፣ ትንሽ ብቻ ይቅመሱ» ትላታለች ጆይስ። «ሞቼ እቀምሰዋለሁ» አለች እማዬ። የጆይስ ባል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓዳ ገባ።

ደስ ብሎን ተመለስን። በሩ ጋ ስንደርስ... በረዶው ላይ የጫማ ዱካ። ትልቅ። ከመንገዱ እስከ በሩ፣ ከበሩ ዙሪያውን እስከ ወጥ ቤቱ መስኮት፣ ከዚያ ወደ መንገዱ። በሩ እጀታ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

ቅጹ ነው። ተፈርሟል። ከሱ ጋር የታሸገ ስንዴ፣ የንብ ሰም ሻማ። አንዲት መስመር ጽሑፍ የለም።

እንዴት ያለ ፈሪ ሰው ነው? ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጥቶ፣ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቆ፣ ጥሎ መሄድ? ዜንያ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ አላየችም። ከረጢቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልኩት። እራቱ ላይ ሳይመጣ ሲቀር ምን እላታለሁ? ደግሞ መስኮት ላይ ልትቆም ነው? አልቻልኩም፣ እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

ዲሴምበር 25፣ ረቡዕ

እማዬ ጨው ስትፈልግ ከረጢቱን አገኘችው። (ጨው ቁም ሣጥን ላይ ምን ይሠራል? አልጠየቅኳትም።) ስንዴውን በጣቷ ነካካችው። ሻማውን አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይሄን ማን አመጣው?»

ነገርኳት። ፈሪነቱንም ጨምሬ።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ሰው በተራ ማክሰኞ የንብ ሰም ሻማ ይዞ ይዞራል? ይሄ የእራቱ ሻማ ነው። ይሄ የኩትያ ስንዴ ነው። ሰውዬው እራት ሊበላ ነው የመጣው!»

ቁጭ አልኩ።

አዲሱ አቆጣጠር። ደብሩ መቀየሩን ሰምቷል፤ የአጎቱ ልጅ መዘምር ነው፣ እሱ ሳይነግረው አይቀርም። እና በአዲሱ ዋዜማ፣ ትናንት መጣ... ከሰሜን ያን ሁሉ ሰዓት ነድቶ። ቤቱ ጨለማ። በመስኮት አየ፤ ጠረጴዛው ባዶ።

ደወልኩ። ሲያነሳው ምንም ሳልል «የመጣኸው ለእራቱ ነው?» አልኩት።

«... ታዲያ ለምን እመጣለሁ? ቤቱ ጨለማ ነበር። ብዙ ጠበቅኩ። እኔን ላለማየት የሄዳችሁ መሰለኝ። ይገባኛል፣ አልፈርድብሽም...»

«ኦረስት! ገናችን ገና አልደረሰም! እማዬ አልቀየረችም!»

«ደብሩ ተቀይሯል አሉኝ እኮ!»

«ደብሩ ተቀየረ። እማዬ ተቀየረች ያለህ አለ? አታውቃትም?»

ሳቀ። ሁለት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ዕንባዬ መጣ፣ እሱም አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። እማዬ ከወዲያ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች።

«ጃንዋሪ 6 ነው» አልኩት።

«ፈረቃ ላይ ነኝ። የሚቀይረኝ ሰው እጠይቃለሁ። እመጣለሁ አልልሽም ግን፣ ላሪሳ። ቃል አልሰጥም።»

ቃል ያልሰጠኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሰጠኝ ሁሉ ይልቅ ይሄን አመንኩት። ለዜንያ ግን አልነገርኳትም።

ዲሴምበር 27፣ ዓርብ

ጆይስ ቅጹን አስገባች። «ከጠቅላላው አብዛኛውን ይከፍላሉ» አለች። ለውዝ ያለበት ዳቦ እንደገና አመጣች። በቃ ይቅር ብዬሻለሁ ብላት ዳቦው ይቆማል፤ ስለዚህ ገና ይቅር አላልኳትም።

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ

ትምህርት ዛሬ ተከፈተ። ጠዋትም ከሰዓትም ነዳሁ። በረዶው ሲወርድ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እማዬ አሥራ ሁለቱን ምግብ ደርድራለች፤ የቀይ ሥር ሾርባው፣ በጎመን የተጠቀለለው ሩዝ፣ ድንች የተሞላው ሊጥ፣ ፒሮጊው፣ ዓሣው... ጨርቁ ሥር ለግርግሙ መታሰቢያ ድርቆሽ። መሐል ላይ የሱ ሻማ። ኩትያው ከሱ ስንዴ።

ዜንያ ሳህን ስትደረድር አንድ ትርፍ አስቀመጠች።

«እሱ የሙታን ነው» አለቻት እማዬ። «ለአያትሽ ነፍስ።»

«አያቴ ብዙ አይበላም» አለች ዜንያ።

ከዚያ መስኮቱ ላይ ቆመች። የመጀመሪያው ኮከብ ሳይታይ ማንም አይቀምስም፤ ማየት ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። ሰማዩ ግን እንደ አመድ ነው። ኮከብ የት ይታያል? ሾርባው ቀዘቀዘ። መልሼ አሞቅኩት። መልሶ ቀዘቀዘ። ጀርባዋን እያየሁ ያንን የልደቷን ቀን አስታወስኩ። ደግሞ እንዲህ እንድትቆም አደረግኋት? ባልነግራትም ትጠብቀዋለች፤ «እሺ» ብሏት ነበር።

«ባባ፣ ኮከብ!»

«የት አባቱ፣ በዚህ ደመና?»

«አንድ! መንገዱ ላይ!»

አንድ መብራት ነው። ወደኛ እየመጣ። ኦረስት ያቺን ፒካፕ ስንት ዓመት ነዳት፤ የቀኝ መብራቷን አንድ ቀን አላሠራትም። በዚያ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል።

እማዬ በመስኮት አጮልቃ አየች። «እሱም ኮከብ ነው» አለች። «ተቀመጡ። ርቦኛል።»

በሩ ላይ ቆመ። ጢሙ ላይ በረዶ አለ፤ ከስቷል። ዜንያ መዳፏ አፏ ላይ ነው። አልተጠጋችውም። እሱም አልተጠጋትም። ተንበረከከና ከንፈሩን በጣቱ ገልጦ ጥርሱን አሳያት።

ቀስ ብላ ሄደች። አየችው። በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሳችና በሰፊው ከፍታ የራሷን አሳየችው። «እኔ ሁለት አለኝ» አለች።

«በልጠሽኛል» አለ።

ትርፉ ሳህን ላይ ተቀመጠ። እማዬ ምንም ሳትል ተነሥታ ለአባቴ ነፍስ ሌላ ሳህን አመጣች። ኩትያው ሲዞር ዜንያ ማንኪያዋን ሞላች፣ አኘከች፣ አኘከች። ሁላችንም ስታኝክ ማየት ሥራ ሆነብን። ዋጠችና ደገመች።

ኢንሹራንሱ የከፈለውን ገንዘብ ይዞልኝ መጥቷል፤ ነገ የግብር ቢሮው ድርሻ ይላካል፣ ዕዳው ያልቃል። እሱም ነገ ጠዋት ይመለሳል፤ ፈረቃው ከነገ ወዲያ ነው። በፌብሩዋሪ እረፍት አለው። እመጣለሁ አላለም። እኔም አልጠየቅሁትም። «መብራቷን አሠራት» ብቻ አልኩት።

ሳንነሣ ዜንያ ወደ ጆሮው ተጠጋች። በሹክሹክታ መስሏት ነው፤ ቤቱ በሙሉ ሰማ።

«አባዬ፣ ያንተን ማን ነው የከፈለው? ኢንሹራንስ እንዳለህ አጣራ። እንዳይወስዱብህ።»

ሳቁን መያዝ አቃተው። እሷም ሳቀች፤ እጆቿ ሁለቱም ማንኪያው ላይ ነበሩ።